ከልጆች ጋር ወደ ዴንማርክ ባሕር ዳርቻ፦ ነፋሱን ቀድማችሁ እዩ

የዴንማርክ ሐምሌ ከአዲስ አበባ ሐምሌ በሙቀት እምብዛም አይለይም። ቀን ላይ 20 ወይም 22 ዲግሪ ነው። ዝናቡ ግን እንደኛ በየቀኑ አይመጣም፣ ፀሐይዋም አልጠልቅም ትላለች። ስለዚህ «አውሮፓ አሁን በጋ ነው» ብላችሁ የልጆቹን ሹራብ ቤት ትታችሁ እንዳትሄዱ። ባሕር ዳርቻ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ዘንባባና እግር የሚያቃጥል አሸዋ ነው። ይሄኛው ሌላ ነው። አሸዋው ነጣ ያለና ለስላሳ፣ መግቢያው ነፃ፣ ውሃው ደግሞ ጥርት ያለ ነው። ግን ጋቢ ይፈልጋል።

እኔ ለገሃር አካባቢ ያለ ቢሮ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ታላቅ እህቴ የምትኖረው ኮፐንሃገን ነው፣ ከባሕሩ በእግር በሚደረስበት ሰፈር። ማሙሽንና ሚጡን፣ እማዬንም ጨምሬ ክረምቱን እሷ ጋ ከከረምን ወዲህ የቢሮው የምሳ ሰዓት ጥያቄ አላልቅ አለኝ። አንዱ ስለ ቪዛ ይጠይቃል። አንዷ ልጇ ዋና እንደማይችል ትነግረኛለች። ሌላው ቋሊማው የምን ሥጋ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። ለሁሉም አንድ ላይ ልመልስ።

ከቦሌ በፊት

ቪዛውን ቶሎ ልጨርስና ወደ ባሕሩ እንሂድ። ዴንማርክ የሸንገን አገር ናት። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ባወጣው ውሳኔ መደበኛው የማመልከቻ ማያ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ለሐምሌ የምትሄዱ ከሆነ ከፋሲካ በፊት ወረቀታችሁ ይሙላ። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ከ6 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የቪዛ ክፍያ የለም። የጋበዛችሁ ዘመድ የገንዘብ ዋስትና እንዲያስይዝ ሊጠየቅ ስለሚችል ቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ብቻ ከሄደ የሌላው ፈቃድ በጽሑፍ ይዘጋጅ። ቪዛው በቃን።

ሻንጣው ላይ ግን ልቆይ። ለዘመድ ቂቤና ቋንጣ መያዝ ለምዶብናል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ ተጓዥ ሥጋና የወተት ተዋፅኦ ይዞ መግባት አይፈቀድለትም። ቂቤም፣ ዓይብም፣ ቋንጣም ጉምሩክ ላይ ይቀራሉ። እማዬ ይህን ለማመን ብዙ ጊዜ ወስዶባታል። ቆሎ ግን ያዙ። አሸዋ ላይ ለተቀመጠ ቤተሰብ ከቆሎ የተሻለ ምግብ የለም፣ አይቀልጥም፣ አይበላሽም።

ለእግር ኮንጎ ጫማ ምርጥ ነው። ነጠላ ጫማ ውሃ ውስጥ ይወልቃል፣ ስፖርት ጫማ ይበሰብሳል። ኮንጎው ግን የዛጎል ስባሪም ድንጋይም አያስፈራውም። አንድ ጋቢ ለልጆቹ፣ አንድ ነጠላ ለእናንተ ያዙ። ነጠላዋ ምን እንደምትሠራ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ሹሩባ የተሠራች ልጅ ካለች ሻሽ አይረሳ። ጨውና አሸዋ ሹሩባ ውስጥ ከገባ ማስወጣቱ ፈተና ነው፣ ፀጉሩንም ያደርቃል። ከመግባቷ በፊት ፀጉሯን ቅባት ቀቡላት፣ ስትወጣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። ፔርሙስ እዚያው ከዘመድ ተዋሱ።

ልጆቹ የዋና ልብስ አላቸው ብላችሁ ስለ ብርዱ አትዘናጉ። እዚያ ብዙ ልጆች እጅጌው የረዘመ፣ ወፈር ያለ፣ ሙቀት የሚይዝ የዋና ልብስ ይለብሳሉ። አዲሱ ውድ ነው። ግን ዴንማርክ ውስጥ የሳልባጅ ሱቅ ሞልቷል፣ ቀይ መስቀል ራሱ በየከተማው አለው። ልጅ ቶሎ ስለሚያድግ ልብሱ ብዙ ሳይለበስ እዚያ ይገባል። ባልዲና አካፋም እዚያው ታገኛላችሁ፣ ከመርካቶ ፕላስቲክ ተሸክሞ መሄድ ኪሎ ማባከን ነው።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ጨርሳችሁ ሂዱ፦ ዋና። ልጆቻችሁ የሚያውቁት ውሃ ላንጋኖ ብቻ ከሆነ፣ ወይም የሆቴል ገንዳ ጠርዝ ይዞ መንቦጫረቅ ከሆነ፣ ከጉዞው በፊት ጥቂት ወራት አሠልጣኝ ጋ ላኳቸው። ፊታቸውን ውሃ ውስጥ መንከርና በጀርባ መንሳፈፍ ከቻሉ ግማሹ ፍርሃታችሁ ይቀላል። ሌላው ግማሽ ግን አብሯችሁ ይቆይ።

መቼ? የእኛ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የእነሱም ይዘጋሉ። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ውሃው ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ሰኔ ላይ ገና ይቀዘቅዛል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ 18 ወይም 20 ዲግሪ ይደርሳል። በጣም ጥልቀት የሌለው ቦታ ትንሽ ይጨምራል።

የት እንሂድ

ዴንማርክ ከ400 በላይ ደሴቶች ያሏት አገር ናት። የትም ብትቆሙ ባሕር ሩቅ አይደለም። ባሕር ለሌለን ለእኛ ይህ ትንሽ ያስቀናል። ግን ሁሉም ዳርቻ ለልጅ አይሆንም።

ዘመዳችሁ ኮፐንሃገን ከሆነ በአማገር ስትራንድፓርክ ጀምሩ። እኔ እንኳን ሌላውን ሁሉ አይቼ የምመለሰው እዚያው ነው። የተከፈተው በ2005 ነው። ከድሮው ዳርቻ ፊት ለፊት አሸዋ አፍስሰው ሁለት ኪሎ ሜትር የሚረዝም ደሴት ሠሩ። በደሴቱና በድሮው ዳርቻ መካከል የረጋ፣ ብዙ ጥልቀት የሌለው ውሃ ቀረ። ለትንንሾች ይህ ውሃ ወርቅ ነው። ደሴቱን ተሻግራችሁ በወዲያኛው በኩል ደግሞ ዋናው ባሕር አለ፣ ማዕበል የሚፈልግ ትልቅ ልጅ እዚያ ይሄዳል። ሁለቱም አንድ ላይ ተደምረው የአሸዋው ርዝመት 4.6 ኪሎ ሜትር ነው። መጸዳጃ ቤት፣ የውጭ ሻወር፣ አይስክሬም የሚሸጡ ኪዮስኮች አሉት። የደሴቱ ሰሜን ጫፍ ሣርና የአሸዋ ጉብታ ይበዛዋል፣ ደቡቡ ሰፊ መንገድ ስላለው ለጋሪና ለብስክሌት ይመቻል። ከአሸዋው ላይ ሆናችሁ በ2000 ባሕሩ ውስጥ የተተከሉትን የነፋስ ተርባይኖች ታያላችሁ፣ ወደ ስዊድን የሚያሻግረውንም ረጅም ድልድይ።

መድረሻው ደግሞ እጅግ ቀላል ነው። ኤም2 የሚባለው የሜትሮ መስመር ከአየር ማረፊያው ተነስቶ በባሕሩ ዳር ያልፋል። ካስትሩፕን አልፋችሁ ፌሞረን፣ አማገር ስትራንድ፣ ኦሬሱንድ የሚባሉ ሦስት ጣቢያዎች ተከታትለው ይመጣሉ። ከሦስቱም ባሕሩ በእግር ነው። ትንንሽ ልጅ ያለው አማገር ስትራንድ ላይ ይውረድ። ሜትሮው ሹፌር የለውም። ልጆቻችሁ ከፊት ያለውን መስኮት ለመያዝ እንደሚጣሉ ከወዲሁ እወቁ። ከ12 ዓመት በታች የሆኑ ሁለት ልጆች ትኬት ከያዘ አንድ አዋቂ ጋር በነፃ ይሄዳሉ። ገንዘቡ ክሮነር ነው፣ ዩሮ አይደለም። ሁሉም ቦታ በካርድ ነው የሚከፈለው።

ከዚያ ሰልቸት ሲላችሁ ወደ ሰሜን ክላምፐንቦርግ አለ። የከተማው ባቡር ሲ መስመር መጨረሻው እዚያ ነው። ከጣቢያው ሲወጡ ቤልቪው የሚባለው ዳርቻ ይገኛል። የነፍስ አዳኞቹን ሰማያዊ ሽንትር ያላቸው ነጭ ማማዎች በ1930ዎቹ የነደፈው ታዋቂው አርክቴክት አርነ ያኮብሰን ነው። ከጣቢያው በሌላ በኩል ጫካ ውስጥ ባከን የሚባል መጫወቻ ቦታ አለ፣ ታሪኩ ከ1583 ይጀምራል። ጠዋት ባሕር፣ ከሰዓት ባከን ብላችሁ ካቀዳችሁ ልጆቹ ስለ ባሕሩ ይረሳሉ። እኔ ለየብቻ ቀን ስጧቸው እላለሁ።

ዘመዶቻችሁ ኦርሁስ ካሉ ከከተማዋ በስተደቡብ ሞስጎርድ ዳርቻ አለ፣ እዚያው ካለው ሙዚየም በጫካ መንገድ እየተራመዱ ይወረዳል። ኦደንሰ ላሉ ሐስማርክ፣ ወደ ኦልቦርግ ላሉ ኦስተር ሁሩፕ ጥሩ ናቸው፣ ሁለቱም ውሃቸው ሩቅ ድረስ ጥልቀት የለውም። ቦርንሆልም ደሴት ለመሄድ የታደለ ደግሞ ዱኦደን እንዳያልፍ። አሸዋው ከመድቀቁ የተነሳ በድሮ ጊዜ ለአሸዋ ሰዓት ይወሰድ ነበር።

የምዕራቡ ዳርቻ ሌላ ዓለም ነው። ብሎቫንድ፣ ሄነ፣ ቬየርስ የሚባሉት ዓይን እስኪደክም አሸዋ ናቸው። ሮሞ ደሴት ላይ መኪናችሁን አሸዋው ላይ ነድታችሁ ማቆም ይፈቀዳል። ግን እዚያ ባሕሩ በየቀኑ ይሸሻል፣ ይመለሳል። ውሃው አጠገብ ያቆመ ሰው መኪናውን በትራክተር ያስጎትታል። ብሎቫንድ ላይ ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሠሯቸው የኮንክሪት ምሽጎች አሸዋው ላይ ተጋድመዋል። አንድ እንግሊዛዊ ቀራጺ በ1995 ከመካከላቸው ጥቂቶቹን የብረት ራስና ጅራት ገጥሞ በቅሎ አደረጋቸው። በቅሎ አትወልድም፣ ጦርነቱም ዘር አይተካ ለማለት ነው ይላሉ። ልጆች ፎቶ ይነሱ፣ ሌሎቹ ምሽጎች ላይ ግን አይውጡ፣ የዛገ ብረት አለባቸው። እዚያ ማየት እንጂ ትንሽ ልጅ ውሃ ውስጥ ማስገባት አልመክርም። ማዕበሉ ኃይለኛ ነው፣ ወደ ውስጥ የሚጎትት ጅረትም አለው። በሰሜኑ ጫፍ ስካገን ላይ ሁለት ባሕሮች ይገናኛሉ። እዚያ መዋኘት ጭራሽ ክልክል ነው።

ነጠላዋ

አሁን ዋናው ነገር። በዴንማርክ ባሕር ዳርቻ ቀኑን የሚወስነው ፀሐይ አይደለችም፣ ነፋሱ ነው። የሚያውቅ ሰው ጠዋት ተነስቶ መጀመሪያ የሚያየው የነፋሱን አቅጣጫ ነው። የዴንማርክ የሜትሮሎጂ ተቋም ድረ ገጽ ላይ የነፋሱ አቅጣጫም ፍጥነትም የውሃው ሙቀትም ይገኛል። ፍጥነቱ የሚጻፈው በሰከንድ ስንት ሜትር ተብሎ ነው። እንደ እኔ 4 ወይም 5 ጥሩ ነው። 8 ካለፈ አሸዋው ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ቤት ተቀምጦ ዳቦ መጋገር ይሻላል።

ስትደርሱ ፊታችሁን ወደ ባሕሩ አዙራችሁ ቁሙ። ነጠላዋን በአንድ ጫፏ ይዛችሁ ወደ ላይ አንሷት።

ነጠላዋ ከእናንተ ወደ ባሕሩ ከተውለበለበች ነፋሱ ከመሬት ወደ ውሃ እየነፈሰ ነው። የሚያስፈራው ቀን ይህ ነው፣ ግን ምንም አያስፈራም የሚመስለውም ይህ ነው። ውሃው እንደ መስታወት ይተኛል። ማዕበል የለም። እናት «ዛሬስ ተመስገን» ብላ ትቀመጣለች። ልጁ የሚነፋ ጎማው ላይ ወይም ካላማዳሪው ላይ ይወጣል። ነፋሱ ጎማውን ቀስ አድርጎ ይገፋዋል። ልጁ አይሰማውም፣ እየተጓዘ መሆኑን የሚያውቀው ወደ ኋላ ሲዞር ነው። ያን ጊዜ ደግሞ በእጁ ቀዝፎ መመለስ አይችልም፣ ወርዶ ልዋኝ ካለም ጥልቅ ላይ ደርሷል። አዋቂ ዋናተኛም ቢሆን በነፋስ የሚገፋ ጎማን አይደርስበትም። ዴንማርክ ውስጥ በብዛት የሚነፍሰው ከምዕራብ ነው። የአማገር ዋናው ባሕር ደግሞ ወደ ምሥራቅ ያያል። ማለትም በተለመደው ቀን ጎማው መንገዱ ወደ ስዊድን ነው። ሕጉ አጭር ነው፦ ነጠላዋ ወደ ባሕር ከሄደች ምንም የሚነፋ ነገር ዋናው ባሕር ላይ አይወርድም። ልጁ ካለቀሰ የረጋው ውሃ ውስጥ ገመድ አስራችሁ ያዙለት። የሄደ ጎማ ይሂድ፣ ማንም አይከተለው። ልጁ ጎማው ላይ ካለ ሳይወርድ ይዞት ይቆይ፣ እናንተ ነፍስ አዳኙን ጥሩ፣ ከሌለ የአደጋ ጊዜ ቁጥሩን 112 ደውሉ።

እንዲህ ያለው ነፋስ ሌላም ነገር ያደርጋል። ላይ ላዩን የሞቀውን ውሃ ወደ ውስጥ ገፍቶ ከሥር ቀዝቃዛውን ያወጣል። ትናንት 20 የነበረው ዛሬ ሲያንገበግብ ምሥጢሩ ይኸው ነው።

ነጠላዋ ተመልሳ ፊታችሁ ላይ ከተጠቀለለች ነፋሱ ከባሕር ነው። ማዕበል ይኖራል፣ የባሕር ሣር ዳር ላይ ይከመራል፣ ይሸታልም። ግን ውሃው ሞቅ ይላል፣ የሄደ ነገርም ወደ እናንተ ይመለሳል። አማገር ላይ ከሆናችሁ ትንንሾቹን በረጋው ውሃ በኩል ውሰዱ። ምዕራቡ ዳርቻ ላይ ከሆናችሁ ግን ይህ ነፋስ ከባድ ማዕበል ማለት ነው። ያን ቀን የአሸዋ ቤተ መንግሥት ሠርቶ ማፍረስ እንጂ መዋኘት የለም።

ከነፋሱ ለመከለል ዴንማርኮች በእንጨት የተወጠረ ጨርቅ አሸዋው ላይ ይተክላሉ። የዘመዳችሁ መጋዘን ውስጥ አንድ አይጠፋም። ከሌለ ጃንጥላ ጎኑን አጋድሞ ማስቀመጥ ይሠራል። ሣር የበቀለባቸው የአሸዋ ጉብታዎች ሥር መጠለልም ይቻላል፣ ግን ልጆች ሣሩን እንዳይነቅሉ፣ ጉብታው ውስጥም ዋሻ እንዳይቆፍሩ። ዋሻው ሊደረመስባቸው ይችላል። ሣሩ ደግሞ ለጌጥ አልተተወም፣ አሸዋውን አስሮ የያዘው እሱ ነው። በድሮ ዘመን ሣሩ ሲጠፋ አሸዋው ተነስቶ እርሻና ቤት ቀብሯል። ስካገን ውስጥ ምእመናን ቤተ ክርስቲያናቸውን እየቆፈሩ ሲገቡ ኖረው በ1795 አቅቷቸው ዘጉት። ዛሬ ከአሸዋው በላይ የሚታየው ማማው ነው። እማዬ ይህን ስትሰማ አማተበች።

ውሃው ውስጥ

ነፍስ አዳኞች ያሉበት ዳርቻ ምረጡ። በትምህርት ቤት እረፍታቸው ወቅት ትልልቆቹ ዳርቻዎች ላይ ይቆማሉ። ቀይና ቢጫ ባንዲራ ሲውለበለብ ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው፣ እዚያው አካባቢ ግቡ። ቀይ ብቻ ከሆነ አትግቡ። ወደ ዳርቻው በሚያስገባው መንገድ ላይ ፊደልና ቁጥር የተጻፈበት አረንጓዴ ሰሌዳ ታያላችሁ። ስትገቡ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። 112 ስትደውሉ ያን ቁጥር ከነገራችኋቸው የቆማችሁበትን ቦታ በትክክል ያውቃሉ። የቦታ ስም መጥራት ለሚያስቸግረን ለእኛ እግዜር የላከው ሰሌዳ ነው።

ጥልቀቱን እናንተ ቀድማችሁ በእግር ለኩት። ብዙ ዳርቻ ላይ አሸዋው ውሃ ሥር እየተቆለለ መስመር ይሠራል። ጉልበት ድረስ ይሆናል፣ ከዚያ በድንገት ደረት ይደርሳል፣ ከዚያ ተመልሶ ጉልበት ይሆናል። ልጅ ወዲያ ማዶ የቆሙትን ሰዎች አይቶ «እዚያ ጉልበት ነው» ብሎ ሲሄድ መሃል ላይ ይሰጥማል። እጃችሁ ከሚደርስበት አታርቁት። ክንድ ላይ የሚታሠር ፊኛ ለመጫወቻ ነው፣ ሕይወት አያድንም። ከአዋቂዎቹ አንዱ በግልጽ «አሁን የማየው እኔ ነኝ» ይበል። ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። አራት አዋቂ ተቀምጦ ሁሉም ሌላው ያያል ብሎ ሲያስብ ነው ልጅ የሚጠፋው።

ብርዱ ይመጣል። ልጅ በረደኝ አይልም። ከንፈሩ ሲጠቁር፣ ጥርሱ ሲንገጫገጭ አውጡት። 10 ወይም 15 ደቂቃ ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል። እርጥቡን ልብስ ወዲያው አውልቁ፣ በጋቢ ጠቅልሉት፣ ሻይ ስጡት። ጋቢ ውስጥ ሆኖ ቆሎ የሚቆረጥም ልጅ ሁሉንም ዴንማርካዊ ሕፃን ያስቀናል።

ውሃው አተር ሾርባ ከመሰለ መርዛማ አልጌ ሊሆን ይችላል። እዚያ የሚመከረው ቀላል መለኪያ አለ፦ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቆማችሁ እግራችሁ ካልታያችሁ አትዋኙ። ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላም ከተማ አጠገብ ያለ ውሃ ሊቆሽሽ ስለሚችል ማስታወቂያ ሰሌዳውን እዩ።

ጄሊፊሽ የሚባል ልፍስፍስ የባሕር እንስሳ አለ። ጥርት ያለውና መሃሉ ላይ አራት ክብ ምልክት የሚታየው እምብዛም አይጎዳም። ቀላ ያለው ረጃጅም ክር ያለው ግን ያቃጥላል። ካቃጠለ በባሕሩ ውሃ እጠቡት፣ የቀረውን ክር በኤቲኤም ካርድ ጠርዝ ጠርጋችሁ አንሱ። በቧንቧ ውሃ አትጠቡ፣ አትሹት። ምዕራቡ ዳርቻ ላይ ደግሞ አሸዋ ውስጥ የሚደበቅ እሾሃም ዓሣ አለ። ከወጋ እግሩን ልጁ በሚችለው መጠን ሙቅ በሆነ ውሃ ውስጥ መንከር ሕመሙን ይቀንሳል። ኮንጎ ጫማ ያልኩት ለዚህም ነው።

መብላት፣ ማየት፣ አለማየት

ኪዮስክ ላይ የሚሸጠው ቀዩ ቋሊማ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ነው። ለኦርቶዶክስም ለሙስሊምም ይህ ወሳኝ ነው፣ ጠይቁ። ድንች ጥብሱና አይስክሬሙ ላይ ችግር የለም፣ በፍልሰታ ካልሆነ። ጾሙ የሚገባው ነሐሴ 1 ስለሆነ የሚጾም ቤተሰብ ቁርጥ ያለ እቅድ ይያዝ። እኛ ድንች ቅቅል፣ ዳቦና ሐብሐብ ይዘን እንወጣ ነበር። ጾመኛ ልጅ አይስክሬም ኪዮስክ ፊት ለፊት አታስቀምጡ፣ ራቅ ብላችሁ አንጥፉ።

ጠርሙስና ጣሳ አትጣሉ። መያዣ ተከፍሎበታል። እንደ ዓይነቱ ከ1 እስከ 3 ክሮነር ይመለሳል። ሱፐርማርኬት ውስጥ ያለው ማሽን የእነሱ ቆራሌው ነው፣ ጠርሙሱን ይውጥና ደረሰኝ ይሰጣል። ማሙሽ ከዋናው ይልቅ ይህን ሥራ ወደደው።

ሰው ፎጣ ተሸፍኖ እዚያው ልብስ ይቀይራል። ጡቷን ገልጣ ፀሐይ የምትሞቅ ሴት ልታጋጥማችሁ ትችላለች፣ ሕጉ አይከለክልም። ትንንሽ ሕፃናትም ራቁታቸውን ይሮጣሉ። ለትልልቅ ልጆች ቤት ሳላችሁ ንገሯቸው፣ አፍጥጦ ማየት እንደማይገባም ጭምር። እማዬ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጣል አድርጋ ተኛች፣ ጉዳዩ እዚያው አለቀ። በሌላ በኩል ሙሉ ሰውነት የሚሸፍን የዋና ልብስ ለብሳችሁ ብትገቡ ማንም ምንም አይላችሁም። ፎቶ ስታነሱ የሰው ልጅ ፍሬም ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ውሻ ከሚያዝያ 1 እስከ መስከረም 30 በፈረንጆቹ በገመድ መታሠር አለበት። ውሻ ለሚፈሩ ልጆቻችን መልካም ዜና ነው።

ወደ ቤት የምትመለሱበትን ሰዓት በፀሐይ አትለኩ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ኮፐንሃገን ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው፣ ተመልሳ የምትወጣው ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ። ልጅ «ገና ቀን ነው» እያለ ይከራከራችኋል፣ ደግሞም እውነቱን ነው። እኔ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ዕቃ መሰብሰብ እጀምራለሁ። ሻወሩ ጋ ቆመው አሸዋቸውን ያራግፉ፣ ደረቅ ልብስ ይልበሱ፣ ሜትሮው ላይ ይተኛሉ። ማታ የመኝታ ቤቱ መጋረጃ ስስ ከሆነ ብርድ ልብስ ደርቡበት፣ አለዚያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ አልጋችሁ ላይ ወጥተው ባልዲው የት አለ ይሏችኋል።